የኮምፒውተር ዝቅተኛ መስፈርት ምንድን ነው?

ዝቅተኛ የሃርድዌር መስፈርት ማለት አንድ ስርዓተ ክወና (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር ዋና ሶፍትዌር) እንዲጫንና ተነሥቶ እንዲሠራ አምራቹ ከዚህ ማነስ የለበትም ብሎ ያስቀመጠው የፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል)፣ የራም (በሥራ ላይ ያለ መረጃ ለጊዜው የሚያዝበት ክፍል)፣ የማከማቻና የሌሎች ክፍሎች ልክ ነው። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ለምሳሌ ቢያንስ 1 ጊጋኸርትዝ ፍጥነትና ሁለት ኮር (የማስሊያ ክፍል) ያለው ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም እንዲሁም 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ይህን ልክ ለሥራ እንደሚበቃ ሲቆጥረው ነው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዘፍ የደንገል ታንኳ አለመስጠሙ አንድ ነገር ነው፤ የከሰዓቱ ነፋስ ጣናን ሳያናውጠው መድረሱ ግን ሌላ ነው። ዝቅተኛው መስፈርት የሚነግረን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ አካባቢ ባለ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ይህን በቅርብ አይቻለሁ። 4 ጊጋባይት ራምና የቆየ ሃርድ ዲስክ ባለው ኮምፒውተር ላይ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ከፍታ ብሮውዘር ስትጨምርበት፣ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ እንደ በራ ቀረ፤ የምትመታቸው ፊደላትም ጥቂት ቆይተው በአንድ ጊዜ ይግተለተሉ ጀመር። ራም ሲሞላ ስርዓተ ክወናው ለጊዜው የማይፈልገውን መረጃ ወደ ዲስክ ያወጣል፣ ሲፈልገው ደግሞ መልሶ ያስገባል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ከራም በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚዘገይ ተጠቃሚው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በእኔ እምነት ለቢሮ ሥራ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) የሌለው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን የባለቤቱን ጊዜ መብላት ነው።

መስፈርቱ የጉልበት ጉዳይ ብቻም አይደለም። ኮር አይ 5-7200ዩ ፕሮሰሰር በፍጥነትም በኮርም የተጠየቀውን ያልፋል፤ ሆኖም ሰባተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) በመሆኑ ማይክሮሶፍት ካጸደቃቸው ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ስምንተኛው 8250ዩ ግን አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን አኃዝ እንዲያይ አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ያስፈልጋል፤ ይህ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ እያለ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ጠፍቶ ስለሚገኝ፣ «አይችልም» የተባለን ኮምፒውተር ከመሸጥ በፊት ገብቶ ማየት ይገባል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ጥያቄው ዛሬ የብዙዎች ሆኗል። መስፈርቱን ለማያሟላ ኮምፒውተር ኡቡንቱን የመሰለ የሊኑክስ ስርዓት (ከዊንዶውስ የተለየ ስርዓተ ክወና) አንድ አማራጭ ነው። የኡቡንቱ 24.04 የዴስክቶፕ እትም ባለ ሁለት ኮር 2 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 25 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል፤ ቲፒኤም ግን ግዴታው አይደለም።