«ቻይና ውስጥ ፍርድ ቤት አለ እንዴ?»

የቻይናን ሕግ አጠናለሁ ባልኩ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂው መልስ ፈልጎ አይደለም፤ ገና ሳልመልስ ይስቃል። ባለፈው ሰሞን ደግሞ አንድ ሕግ የተማረ ባልደረባዬ ሻይ እየጠጣን ይህንኑ ደገመልኝ። በየሻይ ቤቱ ከምከራከር አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ። በጥቅስ ያለው ስለ ቻይና ሕግ የምሰማው ነው፤ ከሥሩ ያለው መልሴ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እያንዳንዱ ቻይናዊ እንደ ጠባዩ መንግሥት የሰጠው ነጥብ አለው።»
የለውም። አንዳንድ ከተሞች የሞከሩት ነጥብ አገር አቀፍ አልሆነም። በአገር ደረጃ ያለው፣ አቅም እያላቸው የተፈረደባቸውን የማይከፍሉ ሰዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሰው የአውሮፕላንና የፈጣን ባቡር ቲኬት ይከለከላል።

«መንግሥትን መክሰስ አይቻልም።»
ከ1990 ጀምሮ ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው መንግሥት ነው፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ሕገ መንግሥታቸው በወረቀት ላይ የዳኝነት ነፃነት ሰጥቷል።»
አንቀጽ 131ን አንብቡት። ጣልቃ እንዳይገቡ የተከለከሉት የአስተዳደር አካላት፣ ማኅበራዊ ድርጅቶችና ግለሰቦች ናቸው። አገሪቱን የሚገዛው የኮሙኒስት ፓርቲ አልተጠቀሰም። ነፃነቱም የተሰጠው ለፍርድ ቤቱ እንጂ ለዳኛው አይደለም። በጥር 2017 የያኔው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዡ ቺያንግ የምዕራባውያንን የዳኝነት ነፃነት አስተሳሰብ መቃወም እንደሚገባ በአደባባይ ተናግረዋል። ማንም የደበቀው ነገር የለም።

«ፓርቲው ይደውላል፣ ዳኛው ይፈርዳል።»
ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። አይደወልም አልልም። ፍርድ ቤቶችን የሚከታተል የፓርቲ ኮሚቴ በየደረጃው አለ። በየፍርድ ቤቱም ከባድ ጉዳይ የሚመራለት፣ ክርክሩን በችሎት ያልሰሙ አባላት የሚወስኑበት ኮሚቴ አለ። በሐምሌ 2015 ከ300 በላይ ጠበቆችና የመብት ተሟጋቾች ሲታሰሩና ለጥያቄ ሲጠሩ የተከተለው ችሎት ውጤቱ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ፍርድ ቤቶች በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር መዝገብ ያያሉ። ለሁሉም ማን ደውሎ ይዘልቀዋል?

ፍቺን እንውሰድ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ስል የፍቺ ፍርዶችን ለወራት አንብቤአለሁ። አንዷ ሚስት ያበጠ ፊቷን ፎቶግራፍና ከፖሊስ የተሰጣትን ወረቀት አያይዛለች። ባል መፋታት አልፈልግም ብሏል። ፍርዱ ሁለት ገጽ አይሞላም፤ በተጋቢዎቹ መካከል ያለው ፍቅር ፈጽሞ መቋረጡ አልተረጋገጠም ይልና ክሱን ውድቅ ያደርጋል። ቀጣዩን ከፈትሁ፤ ያው ዓረፍተ ነገር። ከእርሱ ቀጥሎም ያው፤ ስምና ቀን ብቻ ይለወጣል። የሄናንና የዠጂያንግ ክፍላተ ሀገርን ፍርዶች በብዛት ሰብስበው የመረመሩ ምሁራንም ያገኙት ይህንኑ ነው፦ የመጀመሪያው የፍቺ ክስ አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ ይሆናል፤ ተደብድቤአለሁ ማለትም ውጤቱን እምብዛም አይለውጠውም።

ማን አዘዘ? ማንም። የዳኛው ጠረጴዛ በመዝገብ ተጨናንቋል። ፍቺውን ቢወስን የንብረትና የልጅ ክርክር ይከተላል፤ የተቆጣ ባል ይመጣል፤ ይግባኝ አለ፤ ሲብስም ቤጂንግ ድረስ የሚሄድ አቤቱታ አለ። ይህ ሁሉ በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ይቆጠርበታል። ውድቅ ካደረገው ግን መዝገቡ ዛሬውኑ ይዘጋል። ሴትየዋ አዲስ ምክንያት ከሌላት ስድስት ወር ጠብቃ እንደገና ትከስሳለች፤ ያም ሌላ የተዘጋ መዝገብ ሆኖ ይቆጠርለታል። ቁጥጥሩ ያለው ምዘናው ውስጥ ነው። የስልክ ጥሪ ሲፈልግ የሚውል ተማሪ ይህን አያየውም።

«ሁሉም ነገር ዝግ ስለሆነ ማጥናት አይቻልም።»
በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከፈተው የፍርዶች ድረ ገጽ በ2020 ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰነዶች ነበሩት። ከ2021 ወዲህ አዲስ የሚወጣው ቀነሰ፤ የወጣውም ተነሣ፤ በተለይ መንግሥት የተከሰሰባቸው መዝገቦች። ስለዚህ ተማሪዎች፣ ያገኛችሁትን ዛሬውኑ አስቀምጡ፤ ያወረዳችሁበትን ቀን ጻፉ። የመዝገብ ቁጥር ተከታታይ ስለሆነ የጎደለውንም ቁጠሩ፤ ምን እንደተደበቀ የሚጠቁመው እርሱ ነው። በአንድ ክፍለ ሀገር ያገኛችሁትን ይዛችሁ ስለ መላው ቻይና አታውሩ። ቻይንኛም ተማሩ፤ በትርጉም ብቻ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ማረም ሰልችቶኛል።

ነጋዴዎችም ከዚህ የተሳሳተ አመለካከት አላመለጡም። አንድ ዘመዴ ከጓንግዡ ያስመጣው ማሽን ከውሉ ውጭ ሆኖ ቢያገኘው፣ «እዚያ አገር ማን ይፈርድልኛል?» ብሎ ገንዘቡን ተወው። ውሉን አሳየኝ አልሁት፤ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ፣ ማለትም ውዝግቡን ከፍርድ ቤት ውጭ ገላጋይ ዳኞች ይወስኑት የሚል ቃል፣ የለበትም። ቻይና የውጭ የግልግል ውሳኔ የሚፈጸምበትን የኒው ዮርክ ስምምነት የተቀላቀለችው በ1987 ነው፤ ኢትዮጵያ በ2020። የአንድ ኮንቴይነር ብረት ውዝግብ የሚገደው የፓርቲ ኮሚቴ የለም። አንቀጹ ቢኖርና ዘመዴ ቢያሸንፍ፣ ሻጩም አልከፍልም ቢል፣ ድርጅቱ ከላይ ያነሣሁት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ኃላፊው ፈጣን ባቡር ሊከለከል ይችል ነበር። ያን ጊዜ ደዋዩ ያ ኃላፊ በሆነ።