ትንሽ ዋት፣ ጎርናና ድምፅ፦ በቤት የሚሠራ የቲዩብ ጊታር አምፕ

5 ዋት ሲባል ትንሽ ይመስላል። አንድ ደብዛዛ የኤልኢዲ አምፖል የሚበላው ያህል ነው። ነገር ግን 5 ዋት ያለውን የቲዩብ ጊታር አምፕ (የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ቢጫወቱበት፣ የላዩም የታቹም ጎረቤት በር ማንኳኳቱ አይቀርም። አነስተኛ ዋት ያለው አምፕ በቤት የመሥራት ልማድ የመጣው ከዚሁ ችግር ነው።

ጊታር ተጫዋቾች ኦቨርድራይቭ የሚሉት ጎርናና፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ አለ። የሚመጣው አምፑ አቅሙ ሲያልቅ ነው። በትልቅ አምፕ ደግሞ አቅም የሚያልቀው ቤቱ በድምፅ ከተናወጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ ዝግ ባለ ቮልዩም የፈለገ ሰው፣ አቅሙ ቶሎ የሚያልቅ አምፕ ይሠራል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ሥራው ግን ብዙ ነገር አለው።

ቲዩብ አየር የወጣለት የመስታወት ዕቃ ነው። ውስጡ ያለ ሽቦ ሲግል ካቶድ የሚባለው ክፍል ኤሌክትሮን ይለቃል። ፕሌት የሚባለው ደግሞ ከፍተኛ ቮልት ስላለው ኤሌክትሮኑን ይስባል። በሁለቱ መካከል ግሪድ አለ። ግሪዱ ላይ የሚደርሰው ትንሽ ቮልት ትልቁን ፍሰት ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንግሊዞች ቲዩብን ቫልቭ ይሉታል፤ የውኃ መክፈቻና መዝጊያ እንደማለት። ባለ ሁለት ክፍሉን ቲዩብ እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ሠራው። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግሪዱን ጨመረበት፣ ማጉላትም ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤል ላብስ በተባለ የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ትራንዚስተር፣ ያለ ቲዩብ የሚያጎላ ትንሽ ክፍል፣ ከተፈለሰፈ በኋላ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ቀስ በቀስ ቲዩብን ተወ። ብዙ የጊታር ተጫዋቾች ግን እስከ ዛሬ አልተዉትም።

ያልተዉት በናፍቆት ብቻ አይደለም። ቲዩብ አቅሙ ሲያልቅ ድምፁን ድንገት አይቆርጠውም። የሞገዱን ጫፍ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። ሞገዱ ቅርፁ ሲለወጥ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ንዑሳን ድምፆች ይፈጠራሉ። ጆሯችን እነዚህን እንደ ሙላትና እንደ ሙቀት ይሰማቸዋል። በገና የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በገና ላይ በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ ቆዳዎች ይገባሉ። አውታሩ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። ያ የሚነዝር ድምፅ የበገናው ነፍስ ነው። እንዚራውን ቢያወጡት ሌላ መሣሪያ ይመስላል። ኦቨርድራይቭም ለኤሌክትሪክ ጊታር እንደዚያ ነው። እንከን ተብሎ የጀመረ ነገር፣ የመሣሪያው ቋንቋ ሆነ።

አሁን ወደ ዋትና ወደ ጆሮ እንምጣ። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዋት በግማሽ ሲቀንስ ድምፅ በግማሽ አይቀንስም። 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው የሚወርደው፤ ይህን ደግሞ ጆሮ በጥቂቱ ነው የሚለየው። ድምፁ በግማሽ የቀነሰ እስኪመስለን ድረስ ዋቱ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። ስለዚህ ባለ 50 ዋት አምፕ ትቶ ባለ 5 ዋት የያዘ ሰው ያገኘው ግማሽ ጩኸት ነው እንጂ ጸጥታ አይደለም። የተለመደ የጊታር ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ 97 ዴሲቤል ያህል ያሰማል። በ5 ዋት 104 ይደርሳል። በግማሽ ዋት እንኳ 94 ነው። ተራ ወሬ ግን በ60 አካባቢ ነው። በእኔ ግምት፣ ለመኖሪያ ቤት ብሎ የሚሠራ ሰው ከ1 ዋት በታች ማሰብ ቢጀምር ይሻለዋል።

እንዲያም ሆኖ ለመማር ከባለ 5 ዋቱ ፌንደር ቻምፕ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የቻምፕን ቀደምት ሞዴሎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ለጀማሪ ተማሪዎች ታስበው ነው። ዛሬ በቤት የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሉት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣውን፣ 5ኤፍ1 የተባለውን የአምፑን የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል ነው። ሦስት ቲዩብ፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ባለ 8 ኢንች ስፒከር። ቁልፉ ቮልዩም ነው። ቤዝና ትሬብል የሚባል ነገር የለውም።

የድምፁ መንገድ በጣት የሚከተሉት ዓይነት ነው። ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ምልክት 12ኤኤክስ7 ወደሚባለው ትንሽ ቲዩብ ይገባል። አውሮፓውያን ይህንኑ ኢሲሲ83 ይሉታል። በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ማጉያ አለው። የመጀመሪያው ክፍል አጉልቶ ወደ ቮልዩሙ ይልካል፣ ሁለተኛው ደግሞ እንደገና ያጎላዋል። ከዚያ 6ቪ6 የሚባለው ትልቁ ቲዩብ ኃይል ይሰጠዋል። የ6ቪ6 ቮልት ከፍተኛ፣ ፍሰቱ ግን ትንሽ ነው። ስፒከር የሚፈልገው ተቃራኒውን ስለሆነ፣ በመካከል የመውጫ ትራንስፎርመር ይገባል። ሦስተኛው ቲዩብ፣ 5ዋይ3፣ ድምፅ አያልፍበትም። ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይቀይራል። ጊታሩ በኃይል ሲመታ የ5ዋይ3 ቮልት ለቅጽበት ጎንበስ ይልና ይመለሳል። ተጫዋቾች የሚወዱት ያ ትንሽ የመተንፈስ ስሜት በከፊል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን አምፕ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲጎረንን ለማድረግ ብዙ መንገድ አለ። ቀላሉ አንድ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ክፍል፣ መንቀል ነው። 5ኤፍ1 ላይ ከስፒከሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ድምፁን የሚያርም 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ። እሱ ሲነቀል እርማቱ ይቀራል። አምፑ ቶሎ ይሻክራል፣ ባሕርይውም ደፋር ይሆናል። ጩኸቱ ግን በዚህ ብቻ አይቀንስም።

ሁለተኛው ማስተር ቮልዩም ነው። የፊተኛው ቲዩብ እስኪጎረንን ከፍተን ወደ ኃይል ቲዩቡ የሚሄደውን እንቀንሳለን። ይሠራል፣ ርካሽም ነው። ግን የሚሻክረው የፊተኛው ቲዩብ ብቻ ስለሆነ ድምፁ እንደ ንብ ጥዝዝ የሚል ይሆናል። የኃይል ቲዩቡና የመውጫ ትራንስፎርመሩ አብረው ሲደክሙ የሚመጣው ውፍረት ይጎድለዋል። ሦስተኛው በአምፑና በስፒከሩ መካከል የሚገባ አቴንዌተር ነው። ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ጥቂቱን ብቻ ለስፒከሩ ይተዋል። አራተኛው በሞስፌት ትራንዚስተር የኃይል ቲዩቡን ቮልት ዝቅ ማድረግ ነው። ቮልቱ ሲወርድ የቲዩቡ ጣሪያም አብሮ ይወርዳል።

እኔ የምመርጠው ግን ከመነሻው ትንሽ የኃይል ክፍል መሥራትን ነው። 12ኤዩ7 የሚባል፣ ለፊት ክፍል የተሠራ ትንሽ ቲዩብ አለ። ሁለቱን ግማሾቹን እንደ ኃይል ቲዩብ ካሠሯቸው ግማሽ ዋት አካባቢ ይሰጣሉ። የፊቱም የኋላውም ቲዩብ በእውነት ይደክማል፣ ቤቱ ግን አይናወጥም። ይህ ሐሳብ የቤት ሠሪዎች ብቻ አይደለም። ማርሻል 50ኛ ዓመቱን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያከብር ያወጣቸው ልዩ አምፖች ባለ 1 ዋት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባለ 100 ዋት አምፕ ለመድረክ ያቀረበው ያው ድርጅት ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ስፒከሩን ነው። 97 ዴሲቤል የሚሰጠውን አውጥተው 87 የሚሰጥ ቢያስገቡ፣ የአምፑን ዋት ወደ አንድ አሥረኛው እንዳወረዱት ይቆጠራል። አምፑ ውስጥ አንድም ብየዳ አልተነካም። ግማሽ ዋት ከእንዲህ ዓይነት ስፒከር ጋር ሲገናኝ 84 ዴሲቤል አካባቢ ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚቻል ድምፅ ማለት ነው።

የጆሮን ነገርም ማወቅ ያስፈልጋል። ሃርቬይ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ሲል ጆሯችን ከሁሉ በፊት ወፍራሙን ድምፅ ያጣል። ስለዚህ በጩኸት ያማረው አምፕ ዝግ ሲል ቀጭን ይመስላል። አምፑ ተበላሸ ብሎ ክፍል መቀያየር አይገባም። ተለቅ ያለ የስፒከር ሳጥን መጠቀም ወይም ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ መጨመር ይበቃል።

አሁን ሳልደብቅ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ይህ አምፕ ሰው ይገድላል። ውስጡ 340 ቮልት አካባቢ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ። ከሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ክፍሎች፣ ቮልቱን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ከመንካት በፊት በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማፍሰስ፣ ከዚያ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ዜሮ መድረሱን ማየት ግድ ነው። እየሠራ ሲለካ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። በሁለት እጅ የያዘ ሰው ላይ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ያልፋል። ብየዳ ጨርሶ የማያውቅ ሰው በዚህ አይጀምር። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የጊታር ፔዳል መጀመሪያ ይሥራ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይጨምር። ዋናው ሥዕል ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ የመግቢያው ትራንስፎርመር ለዚህ የተጠቀለለ መሆን አለበት። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ባለ 120 ቮልት አምፕም ቮልት ቀናሽ ሳይገባለት ሶኬት ውስጥ ቢሰካ ይቃጠላል። ሁለተኛው ኧርዝ ነው። ብዙ የድሮ ቤቶች ሶኬት ኧርዝ የለውም። የአምፑ የብረት አካል ከኧርዝ ጋር መታሰር አለበት፤ የጊታሩ ክር ከአካሉ ጋር ስለተያያዘ ጣታችን የሚያርፈው በዚያው ላይ ነው። ኧርዝ የሌለው ቤት ውስጥ መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን መጥራት ይቀድማል።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት እንጂ ተአምር አይጠይቅም። ክፍሎቹ በሰሌዳ ላይ በተርታ ይበየዳሉ። ቲዩቦቹን የሚያግሉት የ6.3 ቮልት ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተጠምዝዘው ከድምፅ ሽቦዎች ርቀው ይሄዳሉ። ይህ ካልተደረገ እምምም የሚል ድምፅ ይመጣል። ድምፁ ራሱ ምንጩን ይናገራል። በእኛ መብራት፣ ወፈር ያለው ባለ 50 ኸርዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሽቦ አካሄድ ወይም ከማጋያው ነው። ከፍ ያለው ባለ 100 ኸርዝ ከሆነ የኃይል ካፓሲተሮቹን ይመልከቱ።

መጀመሪያ ሲበራ ከአምፑ ጋር በሲሪዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በእሱ አልፎ ወደ አምፑ እንዲገባ ሆኖ፣ ክሩ የሚግል ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል ይታሰር። ስፒከሩም ይገናኝ፤ ያለ ስፒከር የበራ የቲዩብ አምፕ የመውጫ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሮቹ ሞልተዋል፣ ጥሩ ነው። ደምቆ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ቶሎ ይነቀል።

ሁሉም ደህና ከሆነ አምፖሉ ይወጣል፣ መለካትም ይቀጥላል። የ6ቪ6 ካቶድ ላይ ባለ 470 ኦም ሬዚስተር አለ። በእሱ ላይ 19 ቮልት ከተነበበ 40 ሚሊአምፒር ያልፋል ማለት ነው። ፕሌቱ 340 ከሆነ ቲዩቡ ወደ 13 ዋት ሙቀት ይሸከማል። ከ14 ካለፈ ሬዚስተሩን ወደ 560 ኦም መቀየር ነው። ከዚያ ጊታሩን ይሰኩ፣ ቮልዩሙን እስከ ግማሽ ይክፈቱ፣ አንዱን ክር በለስላሳ ይምቱ። ንጹሕ ይሆናል። ያንኑ ክር ጠበቅ አድርገው ይምቱት፤ ይጎረንናል።