የሲድኒው የንግሥት ቪክቶሪያ ሕንፃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ መሀል ከተማ፣ በጆርጅ ጎዳና ዳር 190 ሜትር ያህል ተዘርግቶ የሚገኘው የንግሥት ቪክቶሪያ ሕንፃ በውበቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ስለ አሠራሩ በተለምዶ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም።

«የብልጽግና ዘመን የወለደው ቤተ መንግሥት መሰል ሕንፃ ነው።» ስሙ ለንግሥቲቱ ክብር ቢሰጠውም የተሠራው ለገበያ ነው። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1893፣ ከተማዋ በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ላይ ሳለች ሲሆን፣ ሥራ ላጡ የድንጋይ ጠራቢዎችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች እንጀራ ሆኗቸዋል። በ1898 ተመረቀ።

«የቪክቶሪያ ኪነ ሕንፃ አንድ ወጥ ስልት ነው።» ቪክቶሪያ የነገሠችበት ከ1837 እስከ 1901 ያለው ዘመን ብዙ ስልቶችን ያስተናገደ ነው። የከተማው አርክቴክት ጆርጅ ማክሬይ ለዚሁ ሕንፃ በጎቲክ፣ በሬኔሳንስ፣ በኩዊን አን እና በሮማነስክ ስልት አራት የተለያዩ ንድፎችን አቅርቦ ነበር፤ የተመረጠው የሮማነስኩ ነው። በአሸዋ ድንጋይ የተገነባው ግድግዳ ግዝፈትና የግማሽ ክብ ቅስቶቹ ድርድር የዚያ ምርጫ ውጤት ነው።

«ከውስጥ ቀና ብለን የምናየው ጉልላት ከውጭ የሚታየው ነው።» ጉልላቱ ድርብ ነው፤ የውስጡ የመስታወት ሲሆን የውጪው በመዳብ የተለበጠ ነው።

«ውስጡ እንደ ተመረቀ ቀን ነው።» በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሕንፃው በ1917 እና በ1930ዎቹ አጋማሽ ለቢሮ እንዲመች ተብሎ ብዙ ስለ ተለወጠ፣ በ1984 እድሳት ሲጀመር ከመጀመሪያው የውስጥ ክፍል የተረፈው እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በ1986 የተጠናቀቀው ሥራ በአብዛኛው የጠፋውን መልሶ መገንባት ነው። ጎብኚዎች የሚከቡት የተንጠለጠለ ትልቅ ሰዓትም ኋላ የተጨመረ ነው። በደጁ ያለው የንግሥቲቱ ሐውልት ደግሞ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ቆሞ የነበረና በ1980ዎቹ ወደ ሲድኒ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ በእኔ እምነት የሕንፃውን ዋጋ አይቀንስም፤ ነገር ግን የማክሬይን እጅ ማየት የሚፈልግ ሰው ከውስጡ ይልቅ የውጪውን ድንጋይ ቢመረምር ይሻለዋል።

«ከተማዋ ሁልጊዜ ትሳሳለት ነበር።» በ1950ዎቹ መጨረሻ «ይፍረስና አደባባይ ይሁን» የሚል ሐሳብ ከራሱ ከከተማው ከንቲባ ቀርቦ ነበር። እንዲጠበቅ የተወሰነው በ1971 ሲሆን፣ እድሳቱ እስኪጀመር ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት አለፉ።