ብሉ ብላክ ቀለም፦ የሚወራውና እውነታው

ፋውንቴን ፔን (በፈሳሽ ቀለም የሚሞላ ብዕር) የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ብሉ ብላክ ላይ መድረሱ አይቀርም። ተራው ሰማያዊ የተማሪ ደብተር ይመስላል። ጥቁሩ ደግሞ ገጹ ላይ ይከብዳል። ብሉ ብላክ መሃል ላይ ስለሚቀመጥ ለቢሮውም፣ ለማስታወሻውም፣ ለፊርማውም ይሆናል። ችግሩ፣ ስለዚህ ቀለም ከሚወራው ግማሹ በድሮ ጊዜ እውነት የነበረ፣ ግማሹ ደግሞ ከመነሻውም ስህተት መሆኑ ነው። ብልቃጥ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ በአንድ እንያቸው።

«ብሉ ብላክ ያው ብሉ ብላክ ነው፤ የትኛውንም ብትገዛ ለውጥ የለውም»

አለው እንጂ! ብልቃጡ ላይ ያለው ስም የሚነግራችሁ መልኩን ብቻ ነው፣ እሱንም በግምት። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን ከሦስት ዓይነት አንዱ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። ዛሬ ከሚሸጡት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። የፓርከር ኩዊንክ ብሉ ብላክ፣ እንዲሁም ዛሬ «ሚስቲሪየስ ብሉ» በሚል ስም የሚሸጠው የዋተርማን ብሉ ብላክ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው አይረን ጎል ይባላል፤ የብረት ጨውና ከእጽዋት የሚገኝ ታኒን ያለበት ነው። ታኒኑ ጥንት የሚወጣው ነፍሳት እንቁላላቸውን ሲጥሉ የኦክ ዛፍ ላይ ከሚበቅለው እባጭ ነበር። የፔሊካን 4001 ብሉ ብላክ፣ የፕላቲነም ብሉ ብላክ፣ የሮረር ኡንድ ክሊንግነር ሳሊክስ የዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ፒግመንት ነው። የማይሟሟ በጣም ደቃቅ ብናኝ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። የሴለር ሴይቦኩ እንዲህ ያለ ነው።

መልካቸውም ቢሆን አንድ አይደለም። የፔሊካኑ ሲደርቅ ወደ ግራጫ ያደላል። የዋተርማኑ አረንጓዴ የነካው ሰማያዊ ይሆናል። ፓይለት የሚባለው ኩባንያ የሚያመርተው ደግሞ ከጥቁርነቱ ሰማያዊነቱ ያመዝናል። «ብሉ ብላክ አልወድም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የትኛውን?» ብዬ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ስሙ ሳይነካ ቀመሩ ሊለወጥ ይችላል። የላሚ ብሉ ብላክ በአንድ ወቅት አይረን ጎል ነበር። በኋላ ኩባንያው በተራ ማቅለሚያ ተካው፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ስለዚህ ስለ እሱ የተጻፈ የቆየ ምክር ስታነቡ ስለ የትኛው እንደሚያወራ አጣሩ።

«ብሉ ብላክ ከሆነ አይለቅም»

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ድሮ እውነት ነበር።

አይረን ጎል ቀለም ገና ብልቃጡ ውስጥ ሳለ በጣም ፈዛዛ ነው። በደንብ የሚጠቁረው ወረቀት ላይ አርፎ አየር ሲያገኘው ነው። ያኔ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ከታኒኑ ጋር ሆኖ ጥቁር፣ በውሃ የማይሟሟ ነገር ይፈጥራል፤ ያውም የወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ገብቶ። ግን ሰው በፈዛዛ ፈሳሽ እንዴት ይጻፍ? የጻፈውን ማየት አለበት። ስለዚህ ሰማያዊ ማቅለሚያ ተጨመረበት። በ1830ዎቹ እንግሊዛዊው ሄንሪ ስቲቨንስ እንዲህ ዓይነቱን ቀለም አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ። ስትጽፉበት ሰማያዊ ነው፤ ቆይቶ ይጠቁራል። በዚያ ዘመን ብሉ ብላክ የገዛ ሰው የማይለቅ ቀለም ገዛ ማለት ነበር። በእንግሊዝም የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች ለረጅም ዘመን የተሞሉት በዚሁ ዓይነት፣ ከዕለት ተዕለቱ ጠንከር ባለ ቀለም ነው።

ዛሬ ግን መልኩ ብቻ ተወርሶ ብረቱ የሌለበት ብሉ ብላክ ብዙ ነው። ስለዚህ ስሙን አምናችሁ ውል አትፈርሙበት። መሞከር ደግሞ ቀላል ነው።

በየቀኑ በምትጠቀሙበት ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር ጻፉ። አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ወዲያው ከሞከራችሁት አይረን ጎሉን ትበድሉታላችሁ፣ ገና ስላልጠቆረ። በማግስቱ ጽሑፉ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ አድርጉና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በሶፍት ጫን አድርጋችሁ አንሱት፤ አትፈትጉት። አሁን ቀረብ ብላችሁ እዩ። በቀላሉ የሚለቅ ማቅለሚያ ከሆነ ጠብታው የነበረበት ቦታ ሰማያዊ ኩሬ ይሆናል፣ ፊደሎቹም ይጠፋሉ ወይ ጥላቸው ብቻ ይቀራል። አይረን ጎል ከሆነም ሶፍቱ ሰማያዊ ይነካዋል፣ ይህን አይታችሁ አትደንግጡ። የሄደው ለማየት ተብሎ የተጨመረው ማቅለሚያ ነው። ከስሩ ጥርት ያለ ግራጫ መስመር ቀርቶ ታነቡታላችሁ። ፒግመንቱ ደግሞ ንቅንቅ አይልም።

ሁሉም ማቅለሚያ አንድ ነው ማለቴም አይደለም። የፓይለት ብሉ ብላክ ብረት ሳይኖርበት ውሃን በደንብ ከሚችሉት አንዱ ነው።

ውሃን ቻለ ማለት ግን ብርሃንን ቻለ ማለት አይደለም። ይህ ለብቻው መታየት አለበት። የተጻፈበትን ወረቀት ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፉት። ጥቂት ሳምንት ቆይታችሁ ካርቶኑን ስታነሱ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። አንዳንዱ መሃሉ ላይ መስመር የተሰመረበት ያህል ለሁለት ይከፈላል።

ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት ይህ ሁሉ ያስፈልጋል ወይ? ለገበያ ዝርዝር አያስፈልግም። ለማስታወሻ ደብተር፣ ለፊርማ፣ ለፖስታ አድራሻ ግን እኔ ያልሞከርኩትን ቀለም አላምንም።

«አይረን ጎል ብዕር ይበላል»

ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም። አይረን ጎል አሲድ ነው። ያለ አሲዱ ብረቱ ብልቃጡ ውስጥ ሳለ ይዘቅጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሰው የሚጽፈው ቀለም ውስጥ እየተነከረ በሚያገለግል ተራ የብረት ጫፍ ነበር። ያ ጫፍ ዝጎ አልቆ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። የፋውንቴን ፔን ጫፍ ከወርቅ እንዲሠራ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይህ ነበር፤ ወርቅን አሲዱ አይነካውም።

ወረቀት የሚበላውም አይረን ጎል አለ። በየቤተ መጻሕፍቱ የጥንት የአውሮፓ ብራናዎችና ሰነዶች ላይ ፊደሉ በነበረበት ቦታ ቀዳዳ ብቻ የቀረባቸው ገጾች ይታያሉ። ያኔ ቀለሙን እያንዳንዱ በየቤቱ ነበር የሚያዘጋጀው። የብረቱ ጨው ከታኒኑ በላይ ሲበዛ ትርፉ ወረቀቱን እያቃጠለ ዘመናት ይቆያል።

ዛሬ ለፋውንቴን ፔን ተብሎ የሚመረተው ግን ብረቱም አሲዱም በጣም ትንሽ ነው። የዛሬው የብዕር ጫፍም ወይ ወርቅ ነው ወይ የማይዝግ ብረት። በአግባቡ ከተያዘ አንዱ ሌላውን የሚጎዳበት ምክንያት የለም።

«በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ግን ሥራ አላት። የአይረን ጎል እውነተኛ አደጋው መብላቱ ሳይሆን መድረቁ ነው። ብዕሩን ሞልታችሁ ሳትጽፉበት ወራት ካስቀመጣችሁት ቀለሙ በቀጭኑ መተላለፊያ ውስጥ ይዘቅጣል። ያ ዝቃጭ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ በየቀኑ ለምትጽፉበት ብዕር ይሁን፣ ለመሳቢያ ብዕር አይሁን። በየጥቂት ሳምንቱ አውጡና ቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፣ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። አልኮልም እንዲሁ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይጎዳል። ከአያት የተወረሰ፣ መለዋወጫው የማይገኝ ብዕር ካላችሁ ደግሞ እሱን ተራ ሰማያዊ አጠጡት፣ ሙከራውን በሌላ።

ፒግመንቱም ያው ነው። እንዲያውም እሱ ከደረቀ ይብሳል።

«መልኩን ጽፌበት አይቻለሁ፤ ይኸው ነው»

ገና አላያችሁትም። እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም ሁለት ነገር ናቸው። አብዛኛው ሲደርቅ ይፈዛል። አይረን ጎል ደግሞ በተቃራኒው እየጨለመ ይሄዳል፤ ከደቂቃዎች ጀምሮ እስከ ማግስቱ ድረስ። ስልክ ላይ ባያችሁት ፎቶማ ጨርሶ አትፍረዱ፤ የስክሪኑ ብርሃን፣ የካሜራው ቅንብር፣ የወረቀቱ ንጣት ሁሉም የየራሱን ይጨምርበታል። በቀን ብርሃን፣ በማግስቱ፣ በራሳችሁ ወረቀት ላይ እዩት። ከተቻለ ከምታውቁት አንድ ቀለም አጠገብ ይሁን፣ ዓይን ያለ ማነጻጸሪያ ይሸነግላል።

«ጠርዙ ፀጉር ካወጣ ቀለሙ ርካሽ ነው»

ፊደሉ ዳር ዳሩን እንደ ፀጉር ቀጫጭን ሆኖ ሲሰራጭ የመጀመሪያው ተከሳሽ ቀለሙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ወረቀቱ ነው። ፈሳሽ እንዳይመጥ የሚያደርግ ሕክምና በደንብ ያልተደረገለት ወረቀት የትኛውንም ቀለም ይበትናል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከአንዱ ፓኮ ወደ ሌላው ይለያያል፤ አንዳንዴ የአንዱ ወረቀት ሁለት ገጾች እንኳ እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ብዕሩ ነው። ሰፊ ጫፍ ያለው፣ ቀለም በብዛት የሚያፈስ ብዕር ወረቀቱን ያጥለቀልቀዋል። ያንኑ ቀለም ቀጭን ጫፍ ባለው ብዕር ብትጽፉበት ልቅም ያለ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ መጥፎ ወረቀት ላይ የተሻለ የሚይዝ ቀለም አለ። አይረን ጎል በዚህ ይታወቃል፤ መስመሩ ጠበቅ ይላል፣ ወደ ጀርባ አያልፍም። በማይረባ ወረቀት መጻፍ ግዴታ ለሆነበት ሰው ከቋሚነቱ በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ዋጋ ግን ያስከፍላል። አይረን ጎል ብዙ ጊዜ ደረቅ የሚባል ዓይነት ነው፣ ጫፉ ወረቀቱ ላይ እንደ ሌላው አይንሸራተትም። ቀድሞውኑ ቀለም የሚቆጥብ ብዕር ካላችሁ ሁለቱ ስስታሞች ተገናኙ ማለት ነው፤ ጽሑፉ ይገረጣል፣ እጅም ይደክማል።

«ቶሎ የሚደርቅ ሁልጊዜ ይሻላል»

በግራ እጅ ለሚጽፍ ሰው፣ አዎ። ለሌላው እንደሁኔታው ነው። አንዳንዱ ቀለም ቶሎ የሚደርቀው ወረቀቱ ውስጥ ቶሎ ስለሚሰርግ ነው፤ ያ ደግሞ ወደ ጀርባ ማለፍን ያመጣል። ለመለካት አጫጭር መስመሮችን በየ5 ሰከንዱ ልዩነት አስምሩና መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በጣት ጥረጓቸው። የትኛው ላይ መዝረክረክ እንዳቆመ ታያላችሁ። በዚያው ክዳኑን ከፍታችሁ ብዕሩን ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡትና እንደገና ጻፉ። ስብሰባ ላይ እያሰበ ለሚጽፍ ሰው፣ የመጀመሪያው ፊደል ሳይንገራገር መውጣቱ ወረቀት ላይ በ10 ወይም በ15 ሰከንድ ከመድረቁ ይበልጥበታል።

«ሰማያዊና ጥቁር ደባልቄ ቤቴ እሠራዋለሁ»

መልኩን ታገኙ ይሆናል። ግን ሁለት ቀለሞች ሲገናኙ አንዱ አሲድ፣ ሌላው የዚያ ተቃራኒ ከሆነ ሊዘቅጡ ይችላሉ። አይረን ጎልንማ ከምንም ጋር አትደባልቁ። የግድ ካላችሁ የአንድ አምራች፣ የአንድ ዓይነት ቀለሞችን በትንሽ ብልቃጥ ቀላቅላችሁ ጥቂት ቀን አቆዩና ዝቃጭ እንደሌለው አይታችሁ ብዕር ውስጥ ክተቱ።

«ቀለም ቀለም ነው፤ የሥዕሉም ይሆናል»

በፍጹም። ለሥዕልና ለንድፍ የሚሸጠው ኢንዲያን ኢንክ ሼላክ የሚባል ሙጫ ይኖርበታል። ፋውንቴን ፔን ውስጥ ከደረቀ ብዕሩን ተሰናበቱት። የማይለቅ ከፈለጋችሁ «ለፋውንቴን ፔን» ተብሎ የተጻፈበትን ፒግመንት ውሰዱ።

«ልብስ ከነካ በረኪና ያስለቅቀዋል»

ማቅለሚያ ብቻ ከሆነ ነጭ ልብስ ላይ ሊሠራ ይችላል። አይረን ጎል ከሆነ ግን በረኪና ሰማያዊውን አጥፍቶ ብረቱን ይተወዋል፣ ያውም እንደ ዝገት ቢጫ ቡናማ አድርጎ። ለብረቱ የሚሻለው እንደ ሎሚ ጭማቂ ያለ አሲድ ነው፤ መጀመሪያ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በሎሚ። ሎሚና በረኪናን ግን በአንድ ላይ አታድርጉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

«የቆየ ቀለም ይጣላል»

ዕድሜው ብቻውን አያስጥለውም። ክዳኑ ጥብቅ ሆኖ ጨለማ ቦታ የቆየ ማቅለሚያ ዓመታትን ይሻገራል። ብልቃጡን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ ላዩንም እዩ። ሻጋታ የሚሸት ወይም ላዩ ላይ የሚዝለገለግ ነገር የያዘ ከሆነ ጣሉት፤ ሻጋታው ወደ ብዕሩም ይተላለፋል። አይረን ጎል ከሆነ ብልቃጡን ዘንበል አድርጋችሁ ታቹን ተመልከቱ። አየር ገብቶበት እዚያው ከጠቆረና ከረጋ፣ ዝቃጩን ለማዋሃድ ብላችሁ አትናጡት። ያ ቀለም ሥራውን ወረቀት ላይ ሳይሆን ብልቃጥ ውስጥ ጨርሷል።