«የድሮ ስዊድናውያን ቤተ ክርስቲያን» ምንድን ነው?

በአሜሪካ፣ በዊልሚንግተንና በፊላዴልፊያ፣ ሰዉ እስከ ዛሬ «የድሮ ስዊድናውያን» እያለ የሚጠራቸው ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የዊልሚንግተኗ ቅድስት ሥላሴ በ1699፣ የፊላዴልፊያዋ ግሎሪያ ዴይ በ1700 ተባረኩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሲሠሩ ስዊድን በዚያ አገር የመጨረሻዋን ስንዝር መሬት ካጣች ከ40 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ1638 ነው። ስዊድናውያን፣ ከእነሱም ጋር ብዙ ፊንላንዳውያን፣ ሌናፔ የተባለው ሕዝብ ይኖርበት በነበረው በዴላዌር ወንዝ ዳር ሰፈሩ፤ ቅኝ ግዛቷንም ኒው ስዊድን አሏት። በ1655 ሆላንዶች፣ በ1664 ደግሞ እንግሊዞች ያዟት። ሰፋሪዎቹ ግን አገር ለቀው አልሄዱም። በወንዙ ዳርና ዳር ተበታትነው ያርሳሉ፤ የራሳቸው ገዥም ሆነ ዳኛ ከስዊድን የሚላክላቸው የለም። ሆላንዶቹ ላርስ ሎክ የተባሉ አንድ የሉተራን ቄስ እንዲቆዩላቸው ስለፈቀዱ፣ ሕዝቡን በአንድነት የሚጠራው ዋነኛ ተቋም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሎክ በ1688 አረፉ። የቀሩት ቄስ ፋብሪትዩስ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር።

በ1693 ሰፋሪዎቹ ዮተቦሪ ከተማ ወደሚኖር አንድ የስዊድን ፖስታ ሹም ደብዳቤ ላኩ። ቻርልስ ስፕሪንገር የተባለ ከመካከላቸው የተማረ ሰው ጻፈላቸው። ቄሶች ይላኩልን፤ መጻሕፍትም እንገዛለን አሉ፦ 12 መጽሐፍ ቅዱስ፣ 200 የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ፣ 200 የፊደል መማሪያ። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ስዊድንን ዓይተው ለማያውቁ ልጆች የስዊድንኛ ፊደል የሚለምን ወላጅ፣ ልጁ የአያቶቹን ጸሎት እንዳያጣ መፍራቱ ግልጽ ነው። ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑ ነበርና ቄስ ከጠፋ ንባቡም ይጠፋል።

ንጉሥ ካርል 11ኛ ልመናውን ተቀበሉ። ሩድማን፣ ቢዮርክና አውሬን የተባሉ ሦስት ካህናት መጻሕፍት ጭነው በ1697 ደረሱ። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት የተገነቡትም በእነሱ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ለዘጠና ዓመት ያህል የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ካህናት እየላከች ቆየች። እነሱም በስዊድንኛ ይሰብኩ፣ ያጠምቁ፣ ያጋቡ፣ ይቀብሩ ነበር፤ የዚያ ማኅበረሰብ የዘር ሐረግ ዛሬ በአብዛኛው የሚታወቀው ከጻፏቸው መዝገቦች ነው።

ያም ሆኖ ልጆቹ ከእንግሊዞች ጋር እየተጋቡ፣ ቋንቋውም እየሳሳ ሄደ። ወጣቶቹ ስብከቱን መከታተል ሲያቅታቸው ካህናቱ በእንግሊዝኛም ማገልገል ጀመሩ። ከስዊድን ተልከው ከመጡት ካህናት እስከ መጨረሻው የቆዩት ኒኮላስ ኮሊን በ1831 ፊላዴልፊያ ውስጥ አረፉ፤ ግሎሪያ ዴይም በ1845 ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወደ ወጣችው የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ተጠቃለለች።