ጥንድ ቴኒስ ለነጠላ ያልበቁ ሰዎች ጨዋታ አይደለም

ደሴ፣ ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን በስልኬ የቻሌንጀር የወንዶች ጥንድ (ሁለት ለሁለት) ጨዋታ ከፈትኩ። ቻሌንጀር ከዋናው የኤቲፒ (የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) ውድድር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ የፕሮፌሽናል ቴኒስ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያልተባለ ነገር የለም። አብዛኛው ግን ልክ አልነበረም።

«ጥንድ የሚጫወተው ለነጠላ ያልበቃ ነው።»

ይሄኛው ያናድደኛል። በዚህ ደረጃ ብዙዎቹ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ይጫወታሉ። ጥንድን ብቻ የመረጡት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው የያዙት። መረቡ ጋ የቆመው እጁን ከጀርባው አድርጎ በጣቱ ምልክት ይሰጣል። ሰርቩ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ወዴት እንደሚመታ፣ እሱም ወዴት እንደሚሮጥ የሚግባቡት በዚያች ምልክት ነው። ሕንዳዊው ሮሃን ቦፓና እ.ኤ.አ. በ2024 በ43 ዓመቱ አውስትራሊያ ኦፕንን በጥንድ አሸንፎ የዓለም 1ኛ ሆኗል። ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልደረሰ ነበር።

«ሰው እጥፍ ከሆነ ሜዳውም እጥፍ ነው።»

አይደለም። ርዝመቱ ያው ነው። ስፋቱ ብቻ ከ8.23 ወደ 10.97 ሜትር ያድጋል።

«በዙር አንድ ለአንድ ከሆኑ ሦስተኛ ዙር ይጫወታሉ።»

በቻሌንጀር ጥንድ ሦስተኛ ሙሉ ዙር የለም። ቀድሞ 10 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል፤ ልዩነቱ ግን ቢያንስ 2 መሆን አለበት። ዙሩ በተከፋፈለባቸው ጌሞችም 40 ለ 40 (ሦስት ሦስት ነጥብ) እኩል ሲሆኑ አንዲት ነጥብ ትወስናለች። ሰርቩን በየትኛው በኩል እንደሚቀበሉ የሚመርጡት ተቀባዮቹ ናቸው። ያቺ ነጥብ ስትመጣ እኔ ስኒዬን አስቀምጣለሁ።

«ኳስ የትም ኳስ ነው።»

የደሴ ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። እኛ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ፈጥና ትሄዳለች፣ ከመስመርም ታመልጣለች። ለዚህ ነው የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የሚፈቅደው። ኮምቦልቻ ወርደን ብንጫወት እንኳ ከዚያ ወሰን በላይ ነን! እንደ ኮሎምቢያዋ ቦጎታ ባለ ከፍታ የሚጫወቱ ጥንዶች በጉልበት ከመምታት ይልቅ ኳሷን መቆጣጠር ይጠበቅባቸዋል።

«የዓለም ደረጃው የጥንዱ ነው።»

የእያንዳንዱ ሰው ነው። ቻሌንጀር 75 የሚባለውን የውድድር ደረጃ ያሸነፉ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 75 ነጥብ ይይዛሉ። ዛሬ አብረው ዋንጫ ያነሱት በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አጣማሪ ይዘው፣ መረቡን መሐል አድርገው ሊፋጠጡ ይችላሉ።