ኮሌክሽን የገባ ዕዳና የተበላሸ ክሬዲት፦ የሚወራውና እውነታው

አሜሪካ ከመጣን ወዲህ ብዙዎቻችን ስለ ክሬዲት የተማርነው ከሰው ነው። ታክሲ ተራ ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ ቡና ላይ። ምክሩ ከፍቅር እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ግን ግማሹ ስህተት ነው፣ ስህተቱ ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። እኔም በዚህ ወሬ ተመርቼ ከዕዳ ሰብሳቢ የሚመጡ፣ የኮሌክሽን የሚባሉ ፖስታዎችን ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ ስከት የከረምኩበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ዝም ካልኳቸው ይረሱታል»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዕዳ ላይ ግን ይነቅዛል።

የካርድ ወይም የሌላ ሂሳብ ለወራት ሳይከፈል ሲቀር፣ አበዳሪው ለሰብሳቢ ድርጅት ይሰጠዋል ወይም በርካሽ ይሸጠዋል። የገዛው ደግሞ ሊያተርፍበት ነው የገዛው፣ አይረሳም። ሰብሳቢው መጀመሪያ ካገኛችሁ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን መጠን፣ ለማን እንደሆነና እንዴት መቃወም እንደምትችሉ የሚገልጽ ደብዳቤ መላክ አለበት። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ 30 ቀን አላችሁ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ «ይህ ዕዳ የእኔ መሆኑን አሳዩኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ፣ ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም ግዴታው ነው። በስልክ መናገር አይበቃም። በሰርቲፋይድ ሜይል፣ መላኩ በሚመዘገብ ፖስታ፣ ላኩት፣ ኮፒውንም አስቀሩ።

ይህ ለእኛ የበለጠ ያስፈልጋል። ስማችን ከአባት ስም ጋር ነው የሚሄደው፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው ብዙ ነው። በዚያ ላይ በስደት ከመጣነው መካከል የልደት ቀኑ ወረቀት ላይ «ጃንዋሪ 1» የተባለበት ስንቱ ነው! የሌላ ሰው ዕዳ በእናንተ ስም ሊመጣ ይችላል። ሳታጣሩ አትክፈሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የፍርድ ቤት መጥሪያን ዝም ማለት ነው። ካልቀረባችሁ ወይም መልስ ካልሰጣችሁ ዳኛው ያለ ክርክር ሊፈርድባችሁ ይችላል፣ ዕዳው የእናንተ ባይሆን እንኳ። ከተፈረደ በኋላ ከደመወዛችሁ ሊቆረጥ ይችላል። በፌዴራል ሕግ ለእንዲህ ያለ ዕዳ ጣሪያው ከታክስ በኋላ ከሚቀረው 25 በመቶ ነው፣ አንዳንድ ስቴቶች ከዚያም ዝቅ ያደርጉታል። ቤት ስትቀይሩ አድራሻችሁን አስለውጡ፣ መጥሪያው ድሮ የነበራችሁበት አፓርታማ ሊቀር ይችላል።

«ያስሩኛል፣ ግሪን ካርዴንም ይነጥቁኛል»

የካርድ ወይም የሆስፒታል ዕዳ ወንጀል አይደለም። ስላልከፈለ ብቻ የሚታሰር የለም፣ ከአገር የሚባረርም የለም። እንዲህ ብሎ ማስፈራራት ራሱ ሕግ መጣስ ነው። «ዛሬውኑ በጊፍት ካርድ ክፈል» ካለ ደግሞ ሌባ ነው፣ ዝጉበት። ፍርድ ቤት ቅረቡ ብሎ ካዘዘ ግን ቅረቡ። ትዕዛዝ አለማክበር ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ስልክም ቢሆን ወሰን አለው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ8 በፊትና ከ9 በኋላ፣ መደወል አይፈቀድላቸውም። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ መደወልም ተገድቧል።

«7 ዓመት ካለፈው ዕዳው ይጠፋል»

እዚህ ላይ የሚቆጥሩ ሁለት ሰዓቶች፣ ማለትም ሁለት የጊዜ ገደቦች አሉ፣ ሰው ሁሌ ያምታታቸዋል።

አንዱ የክሬዲት ሪፖርት ሰዓት ነው፤ ሪፖርቱ የዕዳ አከፋፈላችሁ ታሪክ የሚመዘገብበት ነው። ኮሌክሽን የገባ ዕዳ ሪፖርት ላይ የሚቆየው ወደ 7 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም መጀመሪያ መክፈል ካቆማችሁበት ጊዜ አካባቢ ጀምሮ ነው። ዕዳው ሦስት ጊዜ ቢሸጥም፣ እናንተም መሃል ላይ ብትከፍሉ፣ ይህ ሰዓት እንደገና አይጀምርም። አዲሱ ገዢ ቀኑን ቀይሮ ካስገባው ተቃወሙ።

ሌላው የክስ ሰዓት ነው፤ ሰብሳቢው ፍርድ ቤት ሊከሳችሁ የሚችልበት ጊዜ ነው፣ በየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድና ዲሲ ለካርድ ዕዳ 3 ዓመት ነው፣ ቨርጂኒያ ለተፈረመ የጽሑፍ ውል 5 ዓመት፣ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ስቴት 6 ዓመት። ይህ ካለፈ ሰብሳቢው ሊከሳችሁም ሆነ እከሳለሁ ብሎ ሊያስፈራራችሁ አይችልም። ዕዳው ግን አልጠፋም፣ ክፈሉ ብሎ መጠየቅ በብዙ ስቴቶች ይችላል። እና ወጥመዱ ይኸውላችሁ፦ አንዳንድ ስቴቶች ላይ «ለመልካም ፈቃድ 20 ዶላር ብቻ ላክ» ብሎ ያስከፈላችሁ ሰው የክስ ሰዓቱን ከዜሮ አስጀመረው ማለት ነው። ሜሪላንድ ይህን በሕግ ከልክላለች፣ ሁሉም ስቴት ግን እንደዚያ አይደለም። ዕዳው የቆየ ከሆነ በስልክ ምንም ቃል ሳትገቡ፣ ምንም ሳትከፍሉ መጀመሪያ የስቴታችሁን ሕግ ጠይቁ። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ቢሮዎች በየከተማው አሉ።

«ከከፈልኩት ስኮሬ በማግስቱ ይመለሳል»

ሁልጊዜ አይደለም። ስኮር፣ አበዳሪ እናንተን የሚመዝንበት ነጥብ፣ አንድ ብቻ አይደለም። ፋይኮ ከሚባለው ስኮር፣ እንደ ፋይኮ 9 ያሉት አዳዲሶቹ የተከፈለ ኮሌክሽንን አይቆጥሩም። ብዙ አበዳሪዎች የሚጠቀሙበት ፋይኮ 8 ግን የተከፈለውንም ይቆጥራል። ቤት ለመግዛት ስትሄዱ ደግሞ ባንኮች ከዚያም የቆየ ስኮር ሲያዩ ኖረዋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ከከፈልኩ ከሪፖርቱ ታነሱልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ሊሉ ይችላሉ፣ መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም። በቅናሽ ከተስማማችሁ ይህንንም ልብ በሉ፦ የተቀነሰላችሁ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ላይ ሊመጣ ይችላል።

«የሆስፒታል ሂሳብን በካርድ ከፍሎ መገላገል ይሻላል»

ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው የሚጎዱበት። የሆስፒታል ዕዳ ከሌላው የተሻለ ከለላ አለው። ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ከ2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽንን አንስተዋል፣ ዓመት ያልሞላውንም አያስገቡም። በ2023 ደግሞ ከ500 ዶላር በታች ሆኖ የገባውን አወጡት። ካርድ ላይ ከጫናችሁት ግን ተራ የካርድ ዕዳ ይሆናል፣ ወለድም ይጨመርበታል።

በዚያ ላይ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ሁሉ አቅም ለሌለው ሰው ሂሳብ የሚቀንሱበት ወይም የሚሰርዙበት አሠራር ሊኖራቸው ግድ ነው። ማመልከቻውን ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከመጣ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለባቸው። ኮሌክሽን ከገባ በኋላም ማለት ነው። ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ ልመና አይደለም። አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቁ።

«የተበላሸ ክሬዲቴን ከፍዬ አስጠርገዋለሁ»

ትክክል የሆነን መረጃ ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ስህተት የሆነውን ደግሞ ራሳችሁ በነፃ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ ሪፖርታችሁን ከሦስቱም ቢሮዎች በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል፣ ማየቱም ስኮር አይቀንስም። ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ የሚቀበል የክሬዲት ጠጋኝ ድርጅት ሕግ እየጣሰ ነው። በሶሻል ሴኩሪቲ ምትክ «አዲስ ቁጥር» እሰጣችኋለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ሩጡ። በዚያ ቁጥር ብድር መጠየቅ እናንተንም የፌዴራል ወንጀል ውስጥ ያስገባችኋል።

«ኮሳይን ማድረግ ፊርማ ብቻ ነው»

ኮሳይን ለሌላ ሰው ብድር ዋስ ሆኖ መፈረም ነው፤ ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። የአክስታችሁ ልጅ መኪናውን መክፈል ሲያቆም ሰብሳቢው እናንተን መጠየቅ ይችላል፣ ሙሉውን። መዘግየቱም እናንተ ሪፖርት ላይ ይገባል። መርዳት ከፈለጋችሁ የአቅማችሁን በእጅ ስጡት።

ባልና ሚስትን በተመለከተ፣ በብዙ ስቴቶች አንዱ ብቻውን የገባበት ዕዳ በቀጥታ የሌላው አይሆንም። ዋሽንግተን ስቴት፣ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ኔቫዳ ግን ሕጋቸው ሌላ ነው፣ በትዳር ጊዜ የመጣ ዕዳ ሁለቱንም ሊነካ ይችላል። ሲያትልና ላስ ቬጋስ ያላችሁ ይህን እወቁት።

«ካርድ ላይ ትንሽ ዕዳ መተው ስኮር ያሳድጋል»

አያሳድግም። ወለድ ብቻ ነው የሚያተርፋችሁ። ሙሉውን ክፈሉ።

«ዕቁቤን አጓድዬ አላውቅም፣ ክሬዲት ይሆነኛል»

የዕቁብ ታማኝነት ለክሬዲት ቢሮ አይታየውም። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያስመዘግበውም። ግን ዕቁብ በሌላ በኩል ትልቅ መሣሪያ ነው። አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ እጅ ላይ ሲገባ ሰብሳቢው ጋር በቅናሽ መደራደር ይቻላል፣ በየወሩ ከሚንጠባጠብ ክፍያ ይልቅ አንድ ላይ የሚከፈለውን ይወዱታል። ከዚያው ላይ 200 ዶላር አስቀሩና እሱን ማስያዣ አድርጋችሁ፣ ማስያዣ የሚጠይቅ ክሬዲት ካርድ አውጡ። ቤንዚን ብቻ ሙሉበት፣ ሂሳቡ ከ60 ዶላር አይለፍ፣ በየወሩ ሙሉው በራሱ እንዲከፈል አድርጉት። ፋይኮ ላይ 35 በመቶ የሚመዝነው በጊዜ መክፈል ነው፣ የድሮው ጥፋት ሪፖርቱ ላይ እያለም ስኮሩ ቀስ እያለ ይነሳል።

ለሰብሳቢው ስትከፍሉ ግን ስምምነቱ መጀመሪያ በጽሑፍ እጃችሁ ይግባ። የባንክ ሂሳባችሁን በስልክ አትስጡ። «ተከፍሎ አልቋል» የሚለውን ደብዳቤ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ዕዳ በሌላ ድርጅት ስም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።